አሥራ አራት ጥያቄ

ነርሷ ጠዋት ተነስታ መጀመሪያ የምትንቀው ሰው ኃላፊዋ ነበር። ከእሱ በኋላ ነው ተራው ለሌላው የሚደርሰው፦ ለባልደረቦቿ፣ ለአውቶቡሱ ሹፌር፣ ለበሽተኞቿ ዘመዶች፣ ደጅ ላይ ቆመው «ዛሬም መጣሽ?» ለሚሏት ጎረቤቶች። ቤቷ ስትገባ የተረፈውን ለባሏ ታካፍለዋለች። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ውስጥ «እሺ» ከማለት ሌላ መልስ ሰጥቷት አያውቅም። እሷም ስለዚሁ ትንቀዋለች።

ንቀቱ መሠረት አልነበረውም አይባልም። ሥራዋ የማኅበረሰብ የአእምሮ ጤና ነርስነት ነው። ከሆስፒታል ወጥተው በየቤታቸው የሚኖሩ ሠላሳ ስምንት በሽተኞች በስሟ ተመዝግበዋል። በወር በወር እየዞረች ታያቸዋለች። መድኃኒት ሲያልቅ ታስመጣለች፣ ቀጠሮ ሲዛነፍ ታስተካክላለች፣ አከራይ ሊያስወጣቸው ሲነሳ ሄዳ ትጨቃጨቃለች። ወረቀቱ ላይ «የክብካቤ አስተባባሪ» ይላታል። «የማስተባብረው ነፋስ ነው» ትላለች እሷ። ሐኪሙ ፋርማሲውን አያናግርም፣ ፋርማሲው ሆስፒታሉን አያናግርም፣ ሆስፒታሉ ማንንም አያናግርም፤ ሁሉም ግን እሷን ለመቆጣት ጊዜ አያጡም።

ቢሮው ከአንድ ጫማ መደብር በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። የደረጃው መብራት ከተቃጠለ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። የፋይሉ ቁም ሳጥን ሦስተኛ መሳቢያ በእግር ካልተመታ አይከፈትም፤ አዲስ የሚቀጠር ሰው መጀመሪያ የሚማረው የምቱን ቦታ ነው። ኃላፊው ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ግድግዳ ላይ ሥዕል ሳይደቅን ሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ስለማይችል ባለበት «ዶክተር» ይሉታል፣ በሌለበት «ስላይድ»። ዶክተርም አልነበረም።

ስላይድ የመጣ ሰሞን ፋይሎቹን ሁሉ ቀለም ለጠፈባቸው። ቀይ ማለት የባሰበት፣ ቢጫ ማለት የሚያሰጋ፣ አረንጓዴ ማለት ሊዘጋ የደረሰ ነው። ፋይሉ የተዘጋ በሽተኛ ቤቱ ድረስ የሚሄድለት የለም፤ ክኒኑን ራሱ ከጤና ጣቢያ ይወስዳል፤ ካልመጣም የሚፈልገው የለም። ስላይድ ይህን «መመረቅ» ይለዋል። በየሩብ ዓመቱ እንግዳ ጠርቶ፣ ወንበር ተከራይቶ፣ ለተመራቂዎቹ የማገገም የምስክር ወረቀት ያድላል። ነርሷ በመጀመሪያው ምረቃ ላይ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። አንዱ በሽተኛዋ ወረቀቱን ተቀብሎ ገልብጦ አየና «ጀርባው ላይ ምንም የለም» ብሎ መለሰላቸው። ያን ቀን ብቻ ነው ስብሰባ ላይ የሳቀችው።

የቤት ለቤቱ ሥራ ዋናው መሣሪያ ፎርም ነው። አሥራ አራት ጥያቄ አለው። አንደኛ እንቅልፍ፣ ሁለተኛ ምግብ፣ ሦስተኛ መድኃኒት፣ አራተኛ ገላ መታጠብ እያለ ይወርድና አሥራ አንደኛው ላይ «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል ወይ?» ይላል። ለእያንዳንዱ መልስ ነጥብ ይሰጣል፣ ነጥቡ ይደመራል፣ ድምሩ ቀለሙን ይወስናል። ነርሷ ይህን ፎርም አሥራ አንድ ዓመት ጠይቃበታለች። ከአፏ እንደ ውሃ ነው የሚፈሰው። ከእሷ ሥር የሚመደቡትን ጀማሪዎች ወረቀት እያዩ ሲያነቡ ስታይ ያማታል። «ወረቀት የምታይ ነርስ ሰው አታይም» ትላቸዋለች። «በቃልሽ ያዢው። በቅደም ተከተል ጠይቂ። ዓይንሽን በሽተኛው ላይ አድርጊ።» ይህን እያለች ብዙ ልጆች አሠልጥናለች። እሷ ግን ዓይኗን የምታደርገው መስኮት ላይ ነበር። ነጥቡንም አብዛኛውን ጊዜ ሳትሄድ፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ ነው የምትሞላው።

ልማዱ ቤቷም ገብቶ ነበር። ልጇ ዩኒቨርሲቲ የገባች አንደበተ ርቱዕ ናት። እናቷ እራት ላይ «ተኛሽ? በላሽ? ማን ጋር ነበርሽ?» ብላ ስትጨርስ፣ ልጅቱ ሹካዋን አስቀምጣ «እማዬ፣ ዛሬ ስንት አገኘሁ?» ትላታለች። አባትየው ሳቁን ለመደበቅ ወደ ሳህኑ ያቀረቅራል።

ከሠላሳ ስምንቱ በሽተኞች መካከል ነርሷ የማትንቀው አንዱን ብቻ ነበር። ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆርጧል። አንድ ቀን ተሳፋሪውን ሁሉ አንድ ፌርማታ ላይ አስወርዶ፣ በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ ብቻውን ሦስት ሰዓት ተቀመጠ፤ ፖሊስ መስታወት ሰብሮ ነው ያወጣው። ከዚያ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል በኋላ ታናሽ እህቱ ጋ። ብዙ ዓመት በወር አንዴ መርፌ ይወጋ ነበር። ከሃያ ወር በፊት ነጥቡ እያማረ ሲመጣ ሐኪሙ መርፌውን አቁሞ ወደ ክኒን አዛወረው። ያንን ያስወሰነው የነርሷ ፎርም ነው፤ ትኮራበትም ነበር።

ትኬት ቆራጩን የወደደችው ስለማያደክማት ነው። ሌላው በሽተኛ አንድ ጥያቄ ስትጠይቀው ከአያቱ ይጀምራል። ይሄኛው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጠብቃታል። ገና «እንቅልፍ...» ስትል «እተኛለሁ፤ ሰባት ሰዓት፣ አንዳንዴም ስምንት» ይላታል። ጥያቄውን ሳትጨርስ መልሱ ይመጣል። ዘጠኝ ደቂቃ። ከዚያ ፈርማ ትወጣለች። «ሰው እንዲህ ነው መታመም ያለበት» ትላለች ለባልደረቦቿ።

ችግሩ እህትየው ነበረች። ልብስ ቤት ውስጥ ስትተኩስ የምትውል፣ ክንዷ በእንፋሎት ጠባሳ የተዥጎረጎረ፣ ቀጭን ሴት ናት። ነርሷ ስትወጣ ጠብቃ ደረጃው ላይ ትይዛታለች።

«ሲስተር፣ ወንድሜ አይተኛም።»

«ሰባት ሰዓት እተኛለሁ ብሎኛል።»

«ይበልዎት። እኔ አንድ ግድግዳ ነው የሚለየኝ። ወጥ ቤት ነው የሚያድረው፤ ከቧንቧው ጋር ያወራል። ክኒኑንም አይውጥም።»

«ባዶ ማሸጊያውን ቆጥሬያለሁ፤ ልክ ነው። አየሽ፣ እኛ የምናየው መረጃ ነው።»

ነርሷ እንደዚህ ያሉ ዘመዶችን ጠንቅቃ አውቃለሁ ባይ ነበረች። በሽተኛው ሲታመም የሉም፤ ሲድን ደግሞ እንደገና እንዲታመም ይፈልጋሉ፤ ከጀርባው ሁልጊዜ አንድ ጥቅም አለ። የዚህችኛዋንም ጥቅም ቶሎ ነው ያገኘችው። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ወንድምየው ሆስፒታል ቢመለስ አንዱ ክፍል ይለቀቃል። ፋይሉ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ አሰፈረችው፦ «እህትየዋ ነገረኛ ናት። ክፍሉን ትፈልገዋለች።»

በዚያ ሩብ ዓመት ስላይድ ስምንት ፋይል እዘጋለሁ ብሎ ለበላይ ጽፎ ነበር። ስምንተኛው የትኬት ቆራጩ ነው። ምረቃው ዓርብ ነው፤ ለመዝጊያው የሚያስፈልገው የመጨረሻ ጉብኝት ማክሰኞ። እህትየው ይህን ስትሰማ ሥራዋን ትታ ቢሮ ድረስ መጣች። ደረጃውን በጨለማ ወጥታ፣ ያላበ ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ «ሲስተር፣ እባክዎን አይዝጉብኝ» አለች። «እርስዎ መምጣት ካቆሙ እኔና እሱ ብቻ ነን። አንድ ነገር ቢሆን ማን ጋ እሄዳለሁ?»

«ጤና ጣቢያ» አለቻት ነርሷ፣ ሌላ ፋይል እያገላበጠች።

ሰኞ ዕለት ደግሞ ስላይድ አዲስ ፎርም አመጣ። አንድ አማካሪ ተቀጥሮ፣ ሦስት ወር አጥንቶ ያዘጋጀው ነው ተባለ። ነርሷ ከላይ እስከ ታች አየችው። ያው አሥራ አራቱ ጥያቄ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ብቻ ተቀይሯል። ከባድ ከባዱ ወደ ፊት መጥቷል፣ እንቅልፍና ምግብ ወደ ኋላ ሄደዋል። ቆሽቷ አረረ። «ሰውዬው ሦስት ወር ሙሉ የላዩን ከታች፣ የታቹን ከላይ ሲያደርግ ከረመ?» አለች። ስላይድ ቅደም ተከተሉ ጥናት እንዳለው፣ ከነገ ጀምሮ አሮጌውን መጠቀም እንደማይቻል ተናገረ። ግድግዳው ላይ ስላይድ ደቅኖም አሳየ። ነርሷ በአፍንጫዋ ተነፈሰች።

ማክሰኞ ጠዋት አምስት ሰዓት ላይ ትኬት ቆራጩ ቤት ገባች። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው። አዲሱን ፎርም አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያንንም እየተናደደች፣ ከወረቀት ልታነብ ነው። በቃሏ የያዘችው አዲሱ ላይ አይሠራም።

«ራስህን ለመጉዳት አስበሃል ወይ?» አለች አንደኛውን።

«እተኛለሁ፤ ሰባት ሰዓት፣ አንዳንዴም ስምንት» አላት።

አልሰማኝም ብላ አለፈችው። «ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ትሰማለህ?»

«ሦስቴ። ምንም አላስተርፍም።»

ቀና አለች። ትኬት ቆራጩ ፈገግ ብሎ ቀጣዩን ይጠብቃል። «ከሰው ጋር ተጣልተሃል?» አለችው ቀስ ብላ።

«በየቀኑ። ከምግብ በኋላ።»

«የሚከታተለኝ ሰው አለ ብለህ ትፈራለህ?»

«በሳምንት ሁለቴ፤ በሙቅ ውሃ።»

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሌላ ሰው ቢነግራት ትስቅ ነበር። ግን እየጠየቀች ቀጠለች፤ ማቆም አቃታት። እሱም እየመለሰ ቀጠለ፣ በአንድ ድምፅ፣ ፌርማታ እንደሚጠራ ሰው፣ አንዱንም ሳይዘል። አሥራ አንደኛው ላይ ስትደርስ «እህትህ ትረዳሃለች?» አለችው። «አይ ሲስተር፣ ኑሮ ጣፋጭ ነው» አላት። ይህን መልስ ታውቀዋለች። ሃያ ወር፣ ሃያ ፎርም ላይ፣ በዚያው በጥሩ የእጅ ጽሑፏ፣ ቃል በቃል ጽፋዋለች። አንድ ሰው ሃያ ጊዜ ተጠይቆ ሃያ ጊዜ አንድ ቃል ሳይለውጥ «ኑሮ ጣፋጭ ነው» እንደማይል ለማወቅ ነርስ መሆን አያስፈልግም ነበር።

ፎርሙን አጠፈችው። ከዚያ ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ ትናንት ማታ የት ነው ያደርከው?»

ፈገግታው እንዳለ ቆመ። ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ መቁጠር ጀመሩ። እስከ አሥራ አራት ቆጥረው ቆሙ።

«ይሄ አሥራ አምስተኛ ነው?» አላት።

«አዎ።»

«አሥራ አምስተኛ የለም እኮ። እሱን አላጠናሁትም።»

«ሳታጠና ንገረኛ።»

ነርሷ መስኮቱን አላየችም። ሸሚዙ ንጹሕ ቢሆንም አንገቱ በኮሌታው ውስጥ እንደሚዋኝ፣ ከዓይኑ ሥር ያለው ቆዳ እንደጠቆረ፣ የቀኝ አውራ ጣቱ ጥፍር እስከ ሥጋው እንደተበላ ያን ጊዜ ነው ያየችው። ይህ ሁሉ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም።

ያላጠናውን ነገር ሲናገር ትኬት ቆራጩ ድምፁ ሌላ ነበር፤ እየተቆራረጠ፣ እየፈራ። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ባለው ቧንቧ ውስጥ ሰዎች አሉ። መርፌው ከቆመ ትንሽ ቆይተው ነው የመጡት። ክኒኑን የሚበሉት እነሱ ናቸው፤ እየፈለፈለ በቀዳዳው ይጥልላቸዋል፤ ማሸጊያው ባዶ የሚሆነው ለዚያ ነው። ማታ ማታ ስለሚጠሩት እዚያው ነው የሚያድረው። ጥያቄዎቹን እንዲያጠና ያዘዙትም እነሱ ናቸው።

«ለምንድን ነው ያዘዙህ?»

«ነጥቡ እንዲሞላ። ፋይሉ እንዲዘጋ። ሲስተር መምጣት ስታቆም ያንተም ነገር ያልቃል አሉኝ።»

«ምኑ ነው የሚያልቀው?»

«እኔ ነኛ» አላት፣ ይሄ ይጠፋሻል ወይ በሚል ዓይን።

ፋይሉ ለሚዘጋበት ዓርብ ሦስት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። ነርሷ ተነስታ ወጥ ቤት ገባች።

እህትየው ለምሳ ስትመጣ ነርሷን ወጥ ቤት ውስጥ በጉልበቷ ተንበርክካ አገኘቻት። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ትራስና ብርድ ልብስ ወጥቷል። ነርሷ ቢላዎቹንና መቀሱን በፎጣ ትጠቀልላለች። ደንግጣለች፤ ስትደነግጥ ደግሞ ቁጣ ነው የሚቀናት።

«ይሄ ሁሉ ሲሆን ለምን አልነገርሽኝም?»

እህትየው ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ነገርኩዎት እኮ» አለች።

«እኔ እኮ... ክፍሉን ፈልገሽ መስሎኝ ነው።» ይህን ለምን እንዳለች ራሷም አላወቀችም። አፏ ቀደማት።

«የቱን ክፍል?»

«የሱን።»

እህትየው ነርሷን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ነርሷ ይህን አስተያየት ታውቀዋለች፤ ዕድሜ ልኳን ሰው ላይ ስታደርገው ኖራለች፤ ሲደረግባት ግን የመጀመሪያዋ ነው።

«ቤቱ የኔ ነው» አለች እህትየው። «እናታችን ስትሞት ለኔ ነው የሰጠችኝ። እሱን ከሆስፒታል አምጥቼ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ብፈልግ በማግስቱ ባስወጣሁት። አሥራ አንድ ዓመት ሲመላለሱ አንድ ቀን ቢጠይቁኝ እነግርዎት ነበር።»

ነርሷ ሰዓቷን አየች። ሐኪሙ በሳምንት ሁለት ቀን ነው ቢሮ የሚመጣው፤ ማክሰኞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያል። ለእህትየው «ለአንድ ደቂቃም ከዓይንሽ እንዳይጠፋ» ብላ፣ ቢላዎቹን ይዛ፣ ወጣች። መንገድ ላይ ሰው ያያታል፤ አንዲት ነርስ የቢላ ጥቅል ታቅፋ ስትሮጥ ማን አያይም።

ስላይድ የዓርቡን ንግግር ግድግዳው ላይ ደቅኖ ይለማመድ ነበር። ነገረችው። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ለበሽተኛው ግን አልነበረም።

«ሲስተር፣ ሪፖርቱ እኮ ሄዷል። ስምንት ብለናል። የምስክር ወረቀቱም ታትሟል።»

«ሰውዬው ራሱን ሊያጠፋ ነው እያልኩህ ነው።»

«ገባኝ፣ ገባኝ። ማለቴ አጻጻፉን ነው። ዛሬ የጀመረው ነው ብንልስ? ድንገተኛ ማገርሸት። እስከ ትናንት ደህና ነበር፤ ዛሬ አገረሸበት። እንዲህ ከሆነ የእርስዎም ፎርም አይነካም፣ የእኛም ቁጥር አይበላሽም።» ይህን ሲል ድምፁ ለስልሶ ነበር፤ ውለታ የሚውል መስሎት።

ነርሷ ምን እንደሚላት ገብቷታል። የመሥሪያ ቤቱን ደንብ ከእሱ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። ዛሬ ያገረሸበት ሰው ክኒኑ መጠኑ ይጨመርለትና ሁለት ሳምንት ቤቱ ሆኖ ይታያል። ክኒን ሲሰጠው ኖሮ ሃያ ወር ሳይውጥ የከረመ ሰው ግን ዛሬውኑ አልጋ ይሰጠዋል፣ መርፌውም ዛሬውኑ ይጀመርለታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እሷ የምትጽፈው አንድ መስመር ነው። አንዱ መስመር ስሟን ያድናል። ሌላው «ሃያ ወር ሳላየው አየሁት ብዬ ጽፌያለሁ» ማለት ነው፤ ይኸውም ለዚህ፣ ለስላይድ፣ በዚህ ምድር ላይ ከሁሉ አብልጣ ለምትንቀው ሰው በእጇ ጽፋ መስጠት ነው። አንድ አፍታ፣ እውነቱን እንናገር፣ የመጀመሪያውን መስመር ለመጻፍ እስክሪብቶዋን ከፍታ ነበር። ክኒኑ ቢጨመር ቧንቧው ውስጥ ያሉት ይጠግቡ ይሆናል እንጂ ለሰውዬው ምን ይረባዋል?

ሰዓቱ ስምንት ተኩል አልፏል። ቁጭ ብላ ጻፈች። ያለፉትን ሃያ ፎርሞች ቀን ከነቀኑ ጠቅሳ፣ መልሶቹ በቃል የተጠኑ መሆናቸውን፣ እሷም ነጥቡን ከጉብኝቱ በፊት ትሞላ እንደነበር፣ እህትየው ደጋግማ እንደነገረቻትና ሳትሰማት እንደቀረች፣ «ክፍሉን ትፈልገዋለች» የሚለውም ሐሰት መሆኑን። ስላይድ ከትከሻዋ በላይ ያነብ ነበር።

«ሲስተር፣ ይሄ እኮ ራስዎን ነው የሚያስቀጣዎት።»

«የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ማን ይቀጣልህ?» አለችው።

ሐኪሙ ኮቱን ለብሶ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ደረሰችበት። ቆሞ አነበበው። እሷን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ እንደገና እሷን አየ። ከዚያ ፈረመ። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ትኬት ቆራጩ ሆስፒታል ገባ፤ እህቱ አንድ እጁን፣ ነርሷ አንድ እጁን ይዘውት።

ለባሏ ነገረችው። «እሺ» አላት። ያን ቀን ከዚያ የተሻለ ቃል ከማንም አልሰማችም።

ዓርብ ምረቃው ሰባት ሰው ይዞ ተካሄደ። ስላይድ ስለ ሐቀኝነት ባህል አዲስ ንግግር ጨምሮ ነበር፤ ግድግዳ ላይ የሚደቀን ስላይድም ሠርቶለታል። ከሰኞ ጀምሮ ነርሷ ከአስተባባሪነት ተነሳች፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷት ሆስፒታል መርፌ ክፍል ተመደበች። የቀሩትን ሠላሳ ሰባት በሽተኞቿን እንዲያጣሩ የተላኩት እሷ ራሷ ያሠለጠነቻቸው ልጆች ነበሩ። አዲሱን ፎርም በሁለት ቀን በቃላቸው ይዘውት፣ በቅደም ተከተል እየጠየቁ፣ ሠላሳ ሰባቱንም በአራት ቀን ጨረሱ። ሁሉም ደህና ነው ተባለ። ነርሷ ይህን ስትሰማ ለመናደድ እንኳ አቅም አጣች። ማታ ማታ ቁጭ ብላ የሠላሳ ሰባቱን ስምና አድራሻ ጻፈች፤ በእያንዳንዱ ስም ትይዩ አብሮት የሚኖረው ሰው ማን እንደሆነና ያ ሰው የት እንደሚገኝ። ዝርዝሩን ለሐኪሙ በእጁ ሰጠችው። «በሽተኛውን ተዉት፤ እነዚህን ጠይቁ» አለችው። ሐኪሙ በወሩ ውስጥ ከሠላሳ ሰባቱ አራቱን ሆስፒታል አስገባ።

አምስተኛው ሳምንት ላይ የትኬት ቆራጩ የመርፌ ቀን በእሷ ተራ ዋለ። መርፌ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ የብረት ጋሪ። ትኬት ቆራጩ እጅጌውን ሰብስቦ ገባ። ወፍሯል። ዓይኑ ጠርቷል። ሲያያት ደጁ ላይ ቆመ።

«ሌላ ነርስ የለም?» አለ።

«ዛሬ እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

እየተነጫነጨ ተቀመጠ። ወጋችው፤ ጥጡን ይዞ አልተነሳም። ነርሷ ጀርባዋን ሰጥታው መርፌውን ስትጥል ሰማችው።

«በጣም ነው የምጠላሽ» አላት።

ዞረች። እየቀለደ አልነበረም፤ ታሞም አልነበረም። በረጋ ድምፅ፣ እያንዳንዱን ቃል መርጦ ነበር የሚናገረው።

«እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ትኬት ቆርጫለሁ። በቀን ሺህ ሰው ይሳፈራል። ትኬቱን ስሰጥ ፊቱን አይ ነበር። ያለቀሰ፣ የታመመ፣ የሚወርድበት የጠፋው፤ አየው ነበር። ለሺህ ሰው ጊዜ ነበረኝ። አንቺ በወር አንዴ፣ ለአንድ ሰው፣ አላየሽኝም። እነዚያ ቧንቧ ውስጥ ያሉት እንኳ ያዩኝ ነበር።»

ከደጅ ሌሎች ወረፋ ይጠብቃሉ፤ አንዱ ገርበብ ያለውን በር አንኳኳ። ነርሷ ሄዳ በሩን ዘጋችው። ወንበሩን ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ሌላስ?» አለችው።

ትኬት ቆራጩ ጥጡን ጨብጦ ፊቷን አየ። ከዚያ ነገራት። ብዙ ነበር፤ አብዛኛውም ስለ እሷ ነበር፤ አንዱም ሐሰት አልነበረም። በሩ ሁለቴ፣ ሦስቴ ተንኳኳ። እሷ ዓይኗን ከፊቱ አላነሳችም።